ከውሃ ከወጣ በኋላስ?

ይህ ባለፈው ለተሰበሰቡ ጥቂት ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። «ጻፈውና ላክልን» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ አፌ ላይ እንደመጣው አድርጌ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹና ወራቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

እሺ፣ ወደ ጉዳዩ።

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1942 አንድ ባለ አራት ሞተር የጀርመን የጦር አውሮፕላን ኖርዌይ ውስጥ፣ ትሮንድሄም ፊዮርድ ላይ፣ ተገዶ ውሃ ላይ አረፈ። ሰዎቹ ወጡ፣ ተረፉ። አውሮፕላኑ ግን ሰጠመ፤ 60 ሜትር ገደማ ወርዶ ተቀመጠ። ጦርነቱ አለቀ፣ ኖርዌይ ነጻ ወጣች፣ ጀርመን ለሁለት ተከፈለች፣ መልሳ አንድ ሆነች፤ እሱ እዚያው ነው። በ1981 ተገኘ። ሜይ 26 ቀን 1999 ደግሞ በክሬን አነሱት። 57 ዓመት ሙሉ ውሃ ሥር ቅርጹን ይዞ የቆየው አውሮፕላን፣ ሊወጣ ሲል ተሰባበረ።

አዎ፣ ተሰባበረ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። «አይ ጉድ! ባይነኩት ይሻል ነበር» ብሎ ያልፋል። እኔ ደግሞ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት እዚያ ጋ ከቆመው ቀጥሎ ስላለው ነው። አውሮፕላን ከባሕር ማውጣት ሲባል ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ክሬኑ ነው፤ ውሃ እያንጠባጠበ ብቅ የሚለው ክንፍ ነው፤ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ፎቶ ነው። እሱ የጥቂት ሰዓታት ሥራ ነው። ዋናው ሥራ ያለው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው። የኋላው ደግሞ ይብሳል። ለዚህ አውሮፕላን 22 ዓመት ፈጅቷል።

በመጀመሪያ አውሮፕላኑን ላስተዋውቃችሁ። ፎከ ቩልፍ 200 ይባላል፣ በሌላ ስሙ ኮንዶር። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 33 ሜትር ገደማ ነው። ለጦርነት የተሠራ እንዳይመስላችሁ። መሐንዲሱ ኩርት ታንክ የነደፈው ለመንገደኛ ነው፤ 26 ሰው ጭኖ ለሉፍትሃንዛ እንዲበር። በ1937 ብሬመን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ፣ በዓመቱ ኦገስት 1938 ከበርሊን ኒው ዮርክ ድረስ መሃል ላይ ሳያርፍ በረረ። ወደ 25 ሰዓት ፈጀበት። ያኔ ይህ ትልቅ ጉድ ነበር፤ አትላንቲክን መሻገር የመርከብ ሥራ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ሂትለርም ራሱ የሚጓዝበት አንድ ኮንዶር ነበረው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጀርመን ሩቅ ሄዶ ባሕር የሚቃኝ አውሮፕላን አልነበራትም። ያላት ኮንዶር ነው። እና ምን አደረጉ? የመንገደኛውን አውሮፕላን ወስደው ቦምብ አሸከሙት፣ መትረየስ ተከሉበት፣ ተጨማሪ ነዳጅ ጫኑበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው የሆነው። አካሉ ለዚያ ሁሉ ክብደት አልተሠራም። ጠንከር ያለ ማረፍ ካጋጠመው ወገቡ ይሰበር ነበር፤ ክንፉን አለፍ ብሎ፣ እንደ ቀልድ ለሁለት። መሬት ላይ ተሰብረው የተጋደሙ ኮንዶሮች ፎቶ ዛሬም ሞልቷል። በኋላ የተሠሩትን ማጠንከሪያ ጨመሩባቸው፣ ችግሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

እንደዚያም ሆኖ እንግሊዞችን አስለቅሷቸዋል። «የአትላንቲክ መቅሠፍት» ይሉት ነበር። ኦክቶበር 1940 ላይ ኤምፕረስ ኦፍ ብሪቴን የተባለችውን ግዙፍ፣ በ42,000 ቶን የተመዘገበች የመንገደኛ መርከብ በእሳት ያጋየው አንድ ኮንዶር ነው። የሁለት ቀን ጊዜ ሳይሞላ ሰርጓጅ መርከብ መጥቶ ጨረሳት። የአየሩና የባሕር ሥሩ እንዲህ ተጋግዘው ነበር የሚሠሩት። በሰሜን በኩል ደግሞ ወደ ሩሲያዋ ሙርማንስክ ዕቃ የሚያመላልሱትን የመርከብ ቅፍለቶች ማደን ነበረባቸው። ለዚህ ነው ኮንዶሮቹ ትሮንድሄም አጠገብ ቨርነስ የገቡት። ዛሬ ወደ ትሮንድሄም የምትበሩ ሰዎች የምታርፉት እዚያው ቨርነስ ነው። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ ጀርመኖቹ ከተማው ውስጥ ለሰርጓጅ መርከቦቻቸው የገነቡት ዶራ የሚባል ኮንክሪት ምሽግ አለ፤ ሊያፈርሱት ቢያስቡም አልተቻለም። አሁን የከተማው መዛግብት የሚቀመጥበት ሆኗል። ሰነድ ለማስቀመጥ ከዚያ የተሻለ ግድግዳ መቼም አይገኝም።

ፊዮርድ ለማታውቁ፦ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር እየፈጨ ቦርቡሮት የሄደው ሸለቆ ውስጥ ባሕር ሲገባበት ፊዮርድ ይባላል። ግራና ቀኙ ተራራ፣ መሃሉ ጥልቅ። የትሮንድሄሙ ርዝመቱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቁ ቦታ ከ600 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ የኛ አውሮፕላን 60 ሜትር ላይ መቀመጡ ዕድለኛ ነው። ትንሽ ወደ መሃል ገፋ ብሎ ቢሆን ወሬውም አይሰማም ነበር። ውሃው ቀዝቃዛና ጨለማ በመሆኑ ሌላ ቦታ በጥልቅ ውቅያኖስ ብቻ የሚታወቅ የቀዝቃዛ ውሃ ኮራል እዚህ ፊዮርድ ውስጥ፣ ታውትራ ደሴት አጠገብ፣ 39 ሜትር ላይ ይበቅላል።

ኖርዌይ ውሃ ውስጥ ይህን ያህል አውሮፕላን ለምን ተገኘ? ጀርመን ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ገብታ እስከ ሜይ 1945 ቆይታለች። አምስት ዓመት። አገሩ ተራራ ነው፣ ሜዳ የለም፤ ስለዚህ ብዙ አውሮፕላን የሚነሳውና የሚያርፈው ውሃ ላይ ነበር። ክረምት ሲሆን ደግሞ በረዶ የሠራ ሐይቅ ላይ ያርፋሉ። ናርቪክ አጠገብ ሃርትቪክቫትኔት የሚባል ሐይቅ አለ። ኤፕሪል 13 ቀን 1940 ከአሥር የሚበልጡ ዩንከርስ 52 አውሮፕላኖች በረዶው ላይ አረፉ፣ ለተከበበው ጦራቸው የተራራ መድፍ ይዘው። መድፉን አወረዱ። መነሳት ግን ለአብዛኞቹ አልተቻለም። ከዚያ ጸደይ መጣ፣ በረዶው ቀለጠ፣ የቀሩት ወደ ታች ሄዱ። በ1983 የተወሰኑትን አውጥተዋቸዋል፤ ሐይቁ ጨው የሌለው ስለሆነ ሁኔታቸው የሚገርም ነበር። ይቺን «ጨው የሌለው» የምትለዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወደ ኮንዶራችን። ተገኘ ማለት ይነሳ ማለት አይደለም። በ1981 ተገኝቶ በ1999 ነው የተነሳው፤ 18 ዓመት መሃል ላይ አለ። አንዱ ምክንያት ጥልቀቱ ነው። ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ወሰኑ 40 ሜትር ነው። 60 ሜትር ላይ ተራ አየር እየሳብክ ከሠራህ ናይትሮጅኑ ያሰክርሃል፤ ቃል በቃል፣ እንደጠጣ ሰው ነው የምትሆነው፣ የያዝከውን ቁልፍ ለምን እንደያዝክ ትረሳለህ። ለመውጣትም በየደረጃው እየቆምክ ረጅም ሰዓት መጠበቅ አለብህ፣ አለዚያ ደምህ ውስጥ ያለው ጋዝ አረፋ ሠርቶ ይገድልሃል። ስለዚህ ታች የሚሠራበት ጊዜ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ብዙውን መቃኘት ከላይ በገመድ የሚነዳ ካሜራ ያለው ሮቦት ይሠራዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የማን ነው? ይህ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ከነጻነት በኋላ ጀርመን ኖርዌይ ውስጥ ትታው የሄደችው የጦር ንብረት ለኖርዌይ መንግሥት ነው የገባው። ስለዚህ ኮንዶሩን የፈለገው የበርሊኑ የቴክኖሎጂ ሙዚየም «የኛ ፋብሪካ ነው የሠራው» ብሎ መጥቶ ማንሳት አይችልም፣ መስማማት አለበት። የብሪታንያ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ በ1986 የወጣ ሕግ አላቸው፣ ያለ ፈቃድ የጦር አውሮፕላን ስብርባሪ መንካትን የሚከለክል። የዚህ ሁሉ ሥሩ አንድ ነገር ነው። ውስጡ ሰው ሊኖር ይችላል። ሰው ካለበት መቃብር ነው። እኔ እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ መቃብር ከሆነ የትኛውም ሙዚየም ቢለምን መነካት የለበትም፣ ቤተሰብ ካልጠየቀ በስተቀር። የኛ ኮንዶር ላይ ግን ሰዎቹ በሕይወት ስለወጡ ይህ ጥያቄ አልነበረም።

የባለቤትነቱን ነገር ሳነሳ አንድ ወንድማችን «የኛዋ ፀሐይስ?» አለኝ። ልክ ነው። ፀሐይ አልሰጠመችም፣ ግን የጦርነት አውሮፕላን የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለኛ ሩቅ አይደለም። በ1935 አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበርና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የገጣጠሟት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች ትንሽ አውሮፕላን ናት። ጣሊያን ወስዳ ቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየሟ ውስጥ አቆየቻት። የተመለሰችው በጃንዋሪ 2024 ነው። ከ80 ዓመት በላይ! እና እሷን ሳስብ ኖርዌይና በርሊን ተነጋግረው መስማማታቸው ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባኛል።

አሁን ወደ ማንሳቱ። ለምን ተሰበረ?

አውሮፕላን ሲበር ክብደቱን ክንፉ ነው የሚሸከመው፤ ከታች አየሩ በክንፉ ስፋት ሁሉ እየገፋ ይይዘዋል። ክሬን ግን በጥቂት ነጥብ ነው የሚይዘው። ይህ አንድ ነገር። ሌላው፣ ውሃ ውስጥ እያለ ውሃው ራሱ ይደግፈዋል። ልክ ከውሃው ጫፍ ማለፍ ሲጀምር ያ ድጋፍ ይጠፋል፣ ውስጡ ያለው ውሃና ጭቃ ደግሞ ገና አልወጣም። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ ከ1 ቶን ትንሽ ይበልጣል። ኮንዶር ባዶውን 17 ቶን አካባቢ ነው። አካሉና ክንፉ ውስጥ የቀረውን ውሃና ደለል ጨምሩበትና አስቡት። ውሃ የሞላ ፌስታል በአንድ ጆሮው እንደማንጠልጠል ነው። ስለዚህ የሚያነሱ ሰዎች የሚፈሩት ታች ያለውን 50 ሜትር አይደለም፤ የመጨረሻዋን አንድ ሜትር ነው። እዚያ ላይ ቀስ ማለት፣ ቆም ማለት፣ ውሃው በየቀዳዳው እስኪፈስ መጠበቅ፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ። ማዕበል ካለ ግን መጠበቅ የለም፤ መርከቡ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ገመዱ ይነጥቀዋል።

በዚህ ላይ ወገቡ ከፋብሪካው ጀምሮ ደካማ የነበረ አውሮፕላን መሆኑን አትርሱ። በዚያም ላይ 57 ዓመት የጨው ውሃ። ጤነኛ ሆኖ መሬት ላይ የሚሰበር ነገር በስብሶ ወጥቶ ሳይሰበር ቢቀር ነበር የሚገርመው። ይህን የምለው አንሺዎቹን ለመውቀስ አይደለም።

ጨው ምን እንደሚያደርግ እንይ። የአውሮፕላን ቆዳ አልሙኒየም ነው፣ ንጹሕ ሳይሆን መዳብ የተቀላቀለበት፣ ለጥንካሬ። መዳቡ ጥንካሬ ይሰጣል፣ ለጨው ግን በር ይከፍታል። ብረት ሲዝግ ታያላችሁ፣ ቀይ ይሆናል። አልሙኒየም እንደዚያ አያስታውቅም። ላዩ ደህና ይመስላል፤ ሥሩ ግን በትንንሽ ጉድጓድ ይበላል፣ ነጭ ዱቄት ይሞላዋል፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተነባብሮ ይላጣል። የብረት ብሎን አልሙኒየም ላይ የገባበት ቦታ ደግሞ የባሰ ነው። ሁለት የተለያየ ብረታ ብረት ተነካክተው ጨው ውሃ ውስጥ ከተቀመጡ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ፤ ደካማው ይሟሟል። በብረትና በአልሙኒየም መሃል ደካማው አልሙኒየሙ ነው። ማግኒዚየም ካለማ ጭራሽ አታገኙትም፣ ሟሙቶ አልቋል፣ ቦታው ብቻ ነው የሚቀረው። እና የሚያያይዘው ቦታ ሁሉ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ፣ ነው ቀድሞ የሚያልቀው። ቆዳው ያለ ይመስላል፤ የያዘው ነገር ግን የለም።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ ዝገት ውሃ ሥር እያለ ቀርፋፋ ነው፤ ቅዝቃዜው አለ፣ ኦክስጅኑ ትንሽ ነው፣ ጭቃው ሸፍኖታል። ልክ አየር ሲያገኘው ይነሳበታል። ብረቱ ውስጥ የገባው ጨው አልወጣም፣ አሁን ደግሞ እንደልቡ ኦክስጅን አገኘ። ግማሽ ምዕተ ዓመት የጠበቀው ነገር በጥቂት ወራት ዱቄት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የሚያውቁት ሰዎች አውሮፕላን ሲያወጡ የሚያደርቁት ሳይሆን የሚያረጥቡት። ገና መርከቡ ላይ እያለ በንጹሕ ውሃ ያጥቡታል፣ እርጥብ ጨርቅ ያለብሱታል፣ ከዚያ ጨው የሌለው ውሃ ገንዳ ውስጥ ይነክሩታል። ውሃው እየተቀየረ ጨዉ ቀስ እያለ ይወጣል። ይህ ዓመታት ይፈጃል።

በ2012 ከስታቫንገር አጠገብ ከሃፍርስ ፊዮርድ ሃይንክል 115 የሚባል ውሃ ላይ የሚያርፍ የጀርመን አውሮፕላን ሲያወጡ የሶላ አቪየሽን ሙዚየም ሰዎች ገንዳውን አስቀድመው አስበውበት ነበር። በነገራችን ላይ ይህ ዓይነት አውሮፕላን ታሪኩ አስቂኝ ነው። ኖርዌይ ራሷ ከጦርነቱ በፊት ከጀርመን ስድስት ገዝታ ነበር፤ ጀርመን ስትወርራት በእነዚሁ በጀርመን አውሮፕላኖች ጀርመንን ተዋጋቻት፣ ሁለት ደግሞ ማርካ ጨመረች! ሽንፈቱ ሲመጣም አንዳንዶቹ ወደ ስኮትላንድ አመለጡ።

እንግሊዞች ደግሞ በጁን 2013 ጉድዊን ሳንድስ ከሚባለው አሸዋማ የባሕር ወለል ዶርኒየር 17 አወጡ። ኦገስት 26 ቀን 1940 የወደቀ ነው፣ ከዚያ ዓይነት በዓለም የተረፈ ሌላ የለም። አካሉን በትልቅ ማዕቀፍ ይዘው ሊያነሱት አስበው አየሩ እምቢ አላቸው፣ ገንዘቡም አጠረ፤ በመጨረሻ በቀለለ መንገድ አነሱት። ኮስፎርድ ወዳለው የአየር ኃይል ሙዚየማቸው ወስደው የፕላስቲክ ዋሻ ሠሩለትና ሲትሪክ አሲድ፣ ሎሚ ውስጥ ያለው አሲድ ማለት ነው፣ ከሌላ ኬሚካል ጋር አመጣጥነው ቀን ከሌት ይረጩት ነበር። መጀመሪያ የሚወድቀው የባሕር ዛጎሉና ቆሻሻው ነው። ከሥሩ የድሮው ቀለም ብቅ አለ። ይህንን የቀመሩት የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሰዎች ናቸው። አውሮፕላኑን ከማንሳታቸው በፊት ቀመሩን አዘጋጅተው መጠበቃቸውን ነው የማደንቀው።

አሁን ያቺን «ጨው የሌለው» ያልኳችሁን። ከትሮንድሄም ብዙም ሳይርቅ ሆክሊንገን የሚባል ሐይቅ አለ። ኤፕሪል 27 ቀን 1942 ማታ፣ ኮንዶሩ ከሰጠመ ከሁለት ወር በኋላ መሆኑ ነው፣ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቲርፒትዝ የተባለውን ትልቁን የጀርመን የጦር መርከብ ሊመቱ መጡ። መርከቡ የዚሁ ፊዮርድ አንድ ክንድ በሆነው ፌተን ፊዮርድ ውስጥ ገደል ሥር ተደብቆ ነበር። አንድ ሃሊፋክስ ቦምብ ጣይ ተመታ፣ ክንፉ በእሳት ተያያዘ። አብራሪው ዶን ማክንታየር በረዶ የሠራው ሐይቅ ላይ በሆዱ አሳረፈው። ሁሉም ወጡ። አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ስለተሰበረ ተማረከ፤ የቀሩት በእግራቸው ስዊድን ገቡ። አውሮፕላኑ በረዶውን አቅልጦ 27 ሜትር ገደማ ወርዶ ተቀመጠ።

በ1973 አወጡት። የእንግሊዝ አየር ኃይል ጠላቂዎችና ኖርዌያውያን ሆነው። ሰውነቱ ተያይዞ ወጣ። 31 ዓመት ነው የቆየው፣ ያውም ጨው የሌለው ውሃ ውስጥ። ኮንዶሩ 57 ዓመት፣ ያውም ጨው ውስጥ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

እና ምን አደረጉት? ምንም። ለንደን ሄንደን ያለው የአየር ኃይሉ ሙዚየም ውስጥ እንዳለ አስቀመጡት። ቆዳው ተበሳስቶ፣ ቀለሙ ለቆ፣ ብረቱ ተጣጥፎ። አጠገቡ ስትቆሙ አጥንቱን ታያላችሁ፣ ቆዳው የተቀደደበት ቦታ በውስጥ በኩል ሪቬቶቹ፣ ቆርቆሮውን የሚያያይዙት ምስማሮች ማለት ነው፣ ረድፍ ሠርተው ይታያሉ።

ሌላ ሃሊፋክስ ደግሞ አለ። ኤፕሪል 1945፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ለኖርዌይ አርበኞች መሣሪያና ስንቅ ጥሎ ሲመለስ ተመትቶ ሚዮሳ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ከስድስቱ አንዱ፣ የኋላው ተኳሽ፣ ብቻ ተረፈ። በ1995 ከ220 ሜትር በላይ ጥልቀት አወጡት፣ ካናዳ ትሬንተን ወሰዱት፣ እዚያ ዓመታት ሠርተው አዲስ አስመሰሉት። ቀለሙ ያበራል። አምስት ሰው የሞተበት አውሮፕላን ግን እንዲህ ሲያብረቀርቅ ለኔ ትንሽ ይከብደኛል። የሄንደኑን እመርጣለሁ። ካናዳውያኑ የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ በሃሊፋክስ ውስጥ የሞቱ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው፣ ቆሞ ማየት ፈለጉ። አልፈርድባቸውም።

ለኮንዶሩ ግን «እንዳለ እንተወው» የሚባል ምርጫ አልነበረም። እንዳለ ማለት ክምር ነው። የበርሊኑ የቴክኖሎጂ ሙዚየም ክምሩን ይዞ ወደ ጀርመን ተመለሰ። ሥራው ተከፋፈለ፦ አካሉ ብሬመን ኤርባስ ዘንድ፣ ሌላው ሃምቡርግ ሉፍትሃንዛ ቴክኒክ ዘንድ፣ ሞተሮቹ ኦበሩርዝል ሮልስ ሮይስ ዘንድ። የሠሩት ማን መሰላችሁ? በአብዛኛው ጡረተኞች። ዕድሜያቸውን በሙሉ አውሮፕላን ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌዎች፣ ያለ ደመወዝ። የተጣጠፈውን ቆዳ እየዘረጉ፣ የተበላውን እየለኩ፣ ሊድን ያልቻለውን አዲስ እየቆረጡ። ሌሎች ቦታዎች ከወደቁ ኮንዶሮች የተገኙ ክፍሎችም ገብተውበታል። እዚህ ሥራ ላይ ወጣት ኢንጂነር ቢገባ የሚቸገርበት ነገር አለ፤ በ1930ዎቹ እጅ የሠራውን ቅርጽ በኮምፒውተር ቀርጾ ማምጣት ይቻል ይሆናል፣ ቆርቆሮውን በመዶሻ እየጠፈጠፉ ያን ኩርባ ማምጣት ግን ሌላ ሙያ ነው። ያን የሚያውቁት ሰዎች እነሱ ነበሩ። 22 ዓመት ደግሞ ለጡረተኛ ቀላል አይደለም።

በ2021 አለቀ። ከዚያ ወደ በርሊን፣ ወደ ቴምፐልሆፍ የድሮው አየር ማረፊያ ተወሰደ። ከ270 በላይ ከተሠሩት ኮንዶሮች ውስጥ ዛሬ በዓለም ላይ ሙሉ ሆኖ የሚታየው እሱ ብቻ ነው።

«ታዲያ ያው አውሮፕላን ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ግማሽ አዲስ፣ ግማሽ ከሌላ የመጣ። እኔ እንደሚመስለኝ ያልተዋሸበት እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። አዲሱን አዲስ ነው፣ አሮጌውን አሮጌ ነው ካሉ በቂ ነው። የሚያናድደኝ ሁለት ሪቬትና አንድ የስም ሰሌዳ አግኝተው ዙሪያውን አዲስ ሠርተው «ኦሪጅናል» ብለው የሚሸጡት ናቸው። ያ ንግድ ሞልቷል።

ሌላ እህት ደግሞ ጠንከር ያለውን ጠየቀች፦ «ለናዚ ቦምብ ጣይ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። ይህ ዕቃ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው። ሰው ውቅያኖስ እንዲሻገር ተብሎ የተሠራ ቆንጆ መንገደኛ አውሮፕላን ነው፤ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ መርከበኛ ማቃጠያ የሆነ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሳይ ነገር በመጽሐፍ ማንበብና 33 ሜትር ክንፍ ሥር ቆሞ ማየት አይገናኝም። ግን ሙዚየሙ ሁለቱንም ሊናገር ይገባል። ስለ በርሊን–ኒው ዮርክ በረራ ብቻ አውርቶ ስለ ኤምፕረስ ኦፍ ብሪቴን ዝም የሚል ከሆነ እዚያው ፊዮርዱ ውስጥ ቢቀር ይሻል ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኖርዌይ የመጣ ልጅ ነው የጠየቀው። እሱና ጓደኞቹ ይጠልቃሉ፣ አውሮፕላን የሚመስል ነገር አይተዋል። «ምን እናድርግ?» አለ። አትንኩት። ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለባለሥልጣን አሳውቁ። ቦምብ ሊኖርበት ይችላል፣ የ80 ዓመት ቦምብ ደግሞ ዕድሜ ያለዝበዋል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሰው ሊኖርበት ይችላል። ትንሽ ነገር፣ ሰዓት ይሁን መሪ፣ ነቅላችሁ ቤት ብታመጡት በዓመቱ ነጭ ዱቄት ነው የሚሆንባችሁ። ለማንሳት የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ በመጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ክሬን አይደለም። ገንዳው የት ነው? ለአሥር ዓመት ውሃውን የሚቀይረው ማን ነው? ደመወዙንስ ማን ይከፍላል? እነዚህን ሦስቱን መመለስ ካልቻለ ይተወው። 60 ሜትር ላይ ያለው አልሙኒየም ከግቢ ውስጥ ካለው ይልቅ ብዙ ዓመት ይኖራል።

ማየት ለምትፈልጉ፣ ለንደን ያላችሁ ሄንደን ሂዱ፣ መግቢያው በነጻ ነው፣ ሃሊፋክሱን ፈልጉት። ስታቫንገር በኩል የምታልፉ ሶላ ያለው ሙዚየም ከአየር ማረፊያው አጠገብ ነው። ካናዳ ያላችሁ ትሬንተን ከቶሮንቶ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ኮንዶሩን ለማየት ወደ በርሊን ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሙዚየሙን ጠይቁ፤ ቴምፐልሆፍ እንደ ተራ የሙዚየም አዳራሽ ሁልጊዜ ክፍት ነው ብላችሁ አትሂዱ።